ክርስቲያን በቡድሃ መቅደስ ደጃፍ

አንባብያን ሆይ፤ ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ፥ እንጦጦን ወጥታችሁ፥ ሱሉልታን አልፋችሁ ጫንጮ ስትደርሱ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችኋል። ከጫንጮ አንዱ መንገድ ወደ ደርባ ይገነጠላል፤ ዋናው የጎጃም መንገድ ግን ሜዳ ለሜዳ ወደ ሰሜን ይቀጥላል። በዚህ መንገድ በአውቶቡስ የሄደ ሰው ነጭ ነጠላ ያጣፉ ተሳላሚዎች ሳያይ አይቀርም። ጫንጮ ላይ ሻይ ጠጥተው ከተነሡ ደብረ ሊባኖስ ለመድረስ የሚቀራቸው ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጽሑፋችን ስለ ቡድሃ አምልኮ ሆኖ ሳለ ከዚህ መንገድ የጀመረበት ምክንያት ወደ ኋላ ይገለጻል።

ከአገራችን ሰዎች ወደ ሩቅ ምሥራቅ የዘለቁት ጥቂቶች አይደሉም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ሄደው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን ጻፉ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በኮሪያ ተዋጉ። ዛሬም ለትምህርትና ለሥልጠና ወደ ቤጂንግ፥ ወደ ሴኡል፥ ወደ ቶኪዮና ወደ ባንኮክ የሚላክ ተማሪና የመንግሥት ሠራተኛ አለ። ከእናንተም የአንዳችሁ ስም ነገ ከዝርዝሩ ይወጣ ይሆናል። ያን ጊዜ አስተናጋጆቻችሁ በመጀመሪያው የዕረፍት ቀን ወስደው የሚያሳዩአችሁ መቅደሳቸውን ነው።

እኔ ያየሁት በስሪ ላንካ፥ ካንዲ በምትባል ከተማ፥ የቡድሃ ጥርስ ነው የሚሉት ቅርስ የሚቀመጥበትን መቅደስ ነው። ቀኑ ጨረቃ የሞላችበት ነበር፤ በዚያ አገር ጨረቃ የምትሞላበት ቀን ሁሉ በዓል ነውና መሥሪያ ቤት ይዘጋል። (የእኛን አገር በዓላት በጣቱ ለሚቆጥር ሠራተኛ ይህ ደስ የሚል ወሬ ነው።) ሕዝቡ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ነጭ ለብሷል። ጫማውን ከደጅ አውልቆ፥ አበባውን ይዞ በባዶ እግሩ ይገባል። ከበሮ ይመታል። ሽማግሌዎች ከመሬት ተቀምጠው በፓሊ ይደግማሉ፤ ፓሊም እንደ ግእዛችን በገበያ የማይነገር፥ የመጻሕፍትና የጸሎት ቋንቋ ነው። ጥርሱ በድርብርብ ሙዳይ ተሸፍኖ ስለሚኖር ምእመኑ የሚሳለመው ሙዳዩን ነው። በዓመት አንድ ጊዜም ያጌጠ ዝኆን ሙዳይ ተሸክሞ፥ በከበሮና በችቦ ታጅቦ ከተማውን ይዞራል። ታቦት ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርድ እያየ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ የት እንደሚሄድ መናገር አያስፈልግም።

መነኰሳታቸው ራሳቸውን ተላጭተው ብጫ ልብስ ይለብሳሉ። በታይላንድና በበርማ ጧት ጧት ሳሕናቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ሕዝቡም ሩዝ ይሰጣቸዋል። የእኛ የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ሲለምን እነርሱ ግን ቃል ሳይተነፍሱ ይቆማሉ። ጾማቸውም የእኛን የገለበጠ ነው፤ የእኛ ጾመኛ ሰዓቱ እስኪደርስ ቆይቶ ሲቀምስ የእነርሱ መነኩሴ ከቀትር በፊት በልቶ እስከ ማግሥቱ ጧት እህል አይቀምስም።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ አረጋዊ ከያዙት አበባ ከፍለው ሰጡኝና ከምስሉ ፊት እንዳኖረው በእጃቸው አመለከቱኝ። እንግዳ ባዶ እጁን እንዳይቆም ማሰባቸው ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። አናንያ፥ አዛርያና ሚሳኤል ለወርቅ ምስል ከመስገድ ከእሳት መግባትን እንደ መረጡ በሕፃንነታችን ተምረናል። በሌላ በኩል ደግሞ በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 5 የሶርያው ንዕማን አለ። ንዕማን በእስራኤል አምላክ ካመነ በኋላም የንጉሥ ሹም ነበርና፥ ጌታው በሬሞን ቤት ሲሰግድ በእጁ ተደግፎ ስለሚሄድ እርሱም አብሮ ማጐንበሱ እንደማይቀር ለነቢዩ ኤልሳዕ አስቀድሞ ተናገረ። ኤልሳዕም በሰላም አሰናበተው እንጂ አልረገመውም። የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ አንባብያን የንዕማንን ጭንቅ ከማንም ይልቅ ታውቁታላችሁ።

በእኔ አስተያየት ሁለቱ ታሪኮች አይጣሉም። ሦስቱ ወጣቶች በአዋጅ ተገደዱ፤ ንዕማንን ሹመቱ ያዘው፤ እንግዳን ግን የሚያስገድደው የለም። ያልተገደደ ሰው ለይሉኝታ ሲል የማያምንበትን አምልኮ መፈጸም አይገባውም፤ መሳለቅም እንዲሁ አይገባውም። ጫማ ማውለቅ፥ ባርኔጣ ማንሣትና ዝም ብሎ መቆም የሰውን ቤት ማክበር ነው፤ አበባ ማኖርና ማጐንበስ ግን ጸሎት ነው። ስለዚህ አበባውን በሁለት እጄ ተቀብዬ እጅ ነሣሁና በአጠገባችን ለቆመች ሕፃን ሰጠኋት። ሮጣ አኖረችው። አረጋዊው ሣቁ። ይህም ያው ነው የሚል አይጠፋም፤ እኔ ግን ጸሎቱን ለባለቤቱ እንደ መለስሁ እቈጥረዋለሁ።

አሁን ወደ ደብረ ሊባኖስ እንመለስ። ቡድሃ የተባለው ሲድሃርታ ጋውታማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ገደማ በሕንድ አገር የነበረ ሰው ነው። እንደ ታሪኩ አባቱ ልጁ ኀዘን እንዳያይ በቤተ መንግሥት ዘግቶ አሳደገው፤ ልጁ ግን አንድ ቀን ወጥቶ ሽማግሌ፥ በሽተኛ፥ ሬሳና ባሕታዊ አየ። ከዚያም ሚስቱንና ገና የተወለደ ልጁን ትቶ በሌሊት መነነ። ይህን ታሪክ «የማውቀው ይመስለኛል» የሚል የግእዝ ተማሪ ቢኖር አልተሳሳተም። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ ዕንባቆም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1553፥ «በረላም ወይዋስፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰዋል። እኒህ ሰው የመን ተወልደው፥ ወደ አገራችን መጥተው ክርስቲያን ሆነው የመነኰሱ ናቸው። ገዳማቸው በ1523 ዓ.ም. በግራኝ ጦር በተቃጠለበት ዘመን የነበሩ ሰው ናቸው።

የመጽሐፉ ልዑል ይዋስፍ በሕንድ አገር ከኀዘን ተሸሽጎ ያድጋል፤ ሲወጣ ድውይ፥ ዕውርና ሽማግሌ ያያል። መነኩሴው በረላም ነጋዴ መስሎ፥ «ዕንቁ አመጣሁ» ብሎ ገብቶ ወንጌል ያስተምረዋል። ልዑሉ ተጠምቆ ዙፋኑን ትቶ ይመንናል። ታሪኩ ከሕንድ ወጥቶ በዐረብ፥ በጆርጂያና በግሪክ ቋንቋ አልፎ ክርስቲያን እንደ ሆነ የአውሮፓ ሊቃውንት በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አስረዱ። ቦዲሳትቫ የሚለው የቡድሃ መጠሪያ በዐረብኛ ቡዳሳፍ ተባለ። በዐረብኛ «ብ»ና «ይ» በቃል መጀመሪያ የሚለዩት በነጥብ ብቻ ነው፤ አንዱ ከሥሩ አንድ፥ ሌላው ሁለት ነጥብ አለው። ጸሐፊ አንዲት ነጥብ ሲጨምር ቡዳሳፍ ዩዳሳፍ፥ ኋላም ይዋስፍ ሆነ። የሮም ቤተ ክርስቲያንም መታሰቢያውን ከቅዱሳን መዝገብ አግብታ ኅዳር ላይ ታስበው ነበር።

ነገር ግን መመሳሰሉ አያታልላችሁ። ቡድሃ የመከራ ሁሉ ሥር ምኞት ነው ብሎ ምኞትን ማጥፋት አስተማረ፤ ትምህርቱ በፈጣሪ ላይ አልተመሠረተም። የግእዙ ልዑል ግን የመነነው የሚጠብቀውና የሚያስነሣው አምላክ አለ ብሎ ነው። በካንዲ ቆሜ አበባውን ያልጣልሁትም ያላኖርሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

የግእዙን ጽሑፍ ዎሊስ በጅ የተባለ እንግሊዛዊ በ1923 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከእንግሊዝኛ ትርጓሜ ጋር ስላሳተመው፥ ግእዝ ያልተማረም ሊከተለው ይችላል። ካገኛችሁት አስቀድማችሁ የጉድጓዱን ምሳሌ ፈልጉ፤ በሕንድም ይነገራል። አውሬ ያባረረው ሰው ከጉድጓድ ገብቶ በዛፍ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሏል፤ ከታች ዘንዶ አፉን ከፍቷል፤ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር አይጥ፥ ቀንና ሌሊት ማለት ናቸው፥ የዛፉን ሥር ይቈረጥማሉ፤ ሰውየውም ከቅጠሉ የሚንጠባጠብ ማር አይቶ ምላሱን ዘርግቷል።