የቫኗ ሆድ ሲስተካከል

የቧንቧና የኤሌክትሪክ ጥገና የሚሠራ አንድ ወዳጅ አለኝ፡፡ ሱቅ የለውም፡፡ ሱቁም መጋዘኑም ከኋላ ወንበሮቿ የወለቁላት አሮጌ ቶዮታ ሃይኤስ ናት፡፡ አንድ ቀን አብሬው ስውል ከደንበኛ ቤት ደርሰን የግማሽ ኢንች ኤልቦ ፍለጋ ጀመረ፡፡ መኪናዋ ውስጥ እንዳለ ያውቃል፤ የት እንዳለ ግን አያውቅም፡፡ ማዳበሪያውን አንዱን ከአንዱ ላይ ሲያገላብጥ ሃያ ደቂቃ አለፈ፡፡ በመጨረሻ ረዳቱን ልኮ አዲስ አስገዛ፡፡ አሮጌው ማታ ዕቃ ሲወርድ ከክሪኩ ሥር ተገኘ፡፡

እስከዚህ ድረስ የሚያስቅ ነው፡፡ የማያስቀው የዚያኑ ቀን ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁል ስንወርድ የሆነው ነው፡፡ አንድ ሕፃን ኳሱን ተከትሎ አስፋልት ውስጥ ገባ፤ ወዳጄ ፍሬን ያዘ፡፡ ሕፃኑ ተረፈ፤ የብረቱ መሣሪያ ሳጥን ግን ከኋላ ተንሸራቶ መጥቶ ረዳቱ የተቀመጠበትን ወንበር ጀርባ መታው፡፡ ከአንድ ክንድ ከፍ ብሎ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ የሚያገኘው የልጁን ጭንቅላት ነበር፡፡

ነገሩን በቁጥር እንየው፡፡ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ተጋጭታ ድንገት ብትቆም ያልታሰረው ዕቃ በዚያው በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጉዞውን ይቀጥላል፡፡ ይህ ዕቃው ከስድስት ሜትር በላይ ከፍታ፣ ማለትም ከሁለተኛ ፎቅ ግድም፣ ቢወድቅ መሬት ሲደርስ ከሚኖረው ፍጥነት ጋር እኩል ነው፡፡ አውሮፓውያን ለጭነት ማሰር ባወጡት መለኪያ መሠረት ዕቃውን የሚይዘው ነገር ወደፊት የክብደቱን 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ 50 በመቶ የሚሆን ግፊት መቋቋም አለበት፡፡ 100 ኪሎ ዕቃ የጫነ ሰው 80 ኪሎ የሚገፋ ነገር ከጀርባው ተቀምጧል ማለት ነው፡፡ ግጭት ሲመጣ ደግሞ ግፊቱ ከዚህ እጅግ ይበልጣል፡፡

ታዲያ መፍትሔው ከውጭ የሚመጣ ውድ መደርደሪያ አይደለም፡፡ በየቤቱ ያለው ሳጥንና ባልዲ ይበቃል፡፡

መጀመሪያ ግን መኪናዋን ባዶ ማድረግ ያስፈልጋል፡፡ ወዳጄ አንድ እሑድ ሁሉንም አውርዶ ግቢው ውስጥ ሲዘረጋ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ የማይጠቅም ነገር አገኘ፤ የተሰበረ ቧንቧ፣ የተቃጠለ ሶኬት፣ ለምን እንደያዘው እሱም የማያስታውሰው የበር እጀታ፡፡ ይህን ሁሉ በየቀኑ በገዛ ነዳጁ ከተማውን ሲያዞረው ነበር፡፡

ቀጥሎ ሜትር ይዞ ወለሉን መለካት ነው፡፡ ከግራ ቀኝ የጎማው ጉብታ ስለሚገባ በጉብታዎቹ መካከል ያለው ስፋት ነው ዋናው፡፡ መጠናቸው የተለያየ አምስት ዓይነት ዕቃ መያዣ ከመሰብሰብ አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ብቻ መርጦ ያንኑ ማብዛት ይሻላል፤ አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራል፣ ሲሰበርም በእኩያው ይተካል፡፡ ቅርጹም ይታሰብበት፡፡ ክብ ባልዲ በአራት ማዕዘን ቦታ ላይ ሲቀመጥ ከቦታው 21 በመቶ ያህሉን ያባክናል፡፡ ስለዚህ ለወለሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ይመረጣል፡፡ ክዳን ያለው የቀለም ባልዲ የሚያስፈልገው ለጀሶ፣ ለሲሚንቶና እርጥበት ለሚፈሩ ነገሮች ብቻ ነው፡፡

የአትክልት መጫኛ የፕላስቲክ ሳጥን ለትልልቁ መሣሪያ ጥሩ ነው፤ ቀዳዳ ስለሆነ ግን ምስማርና ብሎን አይያዝበትም፡፡ የቢራ ሳጥን 24 ክፍሎች ስላሉት ለኤልቦና ለቲ የተሠራ ይመስላል፡፡ (ሳጥኑ በመያዣ የሚወጣ የፋብሪካ ንብረት መሆኑን ሳንረሳ!) ከሁሉም ያስደሰተኝ ግን አምስት ሊትሩ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ነው፡፡ በሚገባ ታጥቦ፣ እጀታው ሳይነካ አንዱ ጎኑ ከላይ ሲቆረጥ እንደ መሳቢያ የሚጎተት ዕቃ ይሆናል፡፡ ብሎን ያለበትን ጀሪካን እንዳለ አንጠልጥሎ ደንበኛ ቤት መግባት ይቻላል፡፡ የተቆረጠውን ጠርዝ በቴፕ መሸፈን አይዘንጋ፤ እጅ ይቆርጣል፡፡

ስም መጻፍ ጥሩ ነው፡፡ የወዳጄ ረዳት ግን ማንበብ ብዙም አይወድም፤ እናም በየሳጥኑ ፊት ለፊት ከውስጡ ካለው ዕቃ አንዱን ናሙና በሽቦ አሰሩበት፡፡ አሁን ልጁ ከበሩ ላይ ሆኖ በዓይኑ ብቻ ይመርጣል፡፡ ለፒንሳና ለካቻቢቴ ደግሞ ለእያንዳንዳቸው ቦታ ስላላቸው ማታ ባዶ የሆነ ቦታ ከታየ አንድ መሣሪያ የሰው ቤት ቀርቷል ማለት ነው፡፡

አቀማመጡ ላይ ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይሁን፡፡ ከባዱ ዕቃ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል፣ ከፊት ባለው መከለያ ተደግፎ ይቀመጥ፡፡ ክብደቱ ከኋላ ጎማ አልፎ ከተከመረ የመኪናዋ ፊት ይቀላል፤ መሪም ፍሬንም እንደ ልብ አይታዘዝም፡፡ ረጃጅም ቧንቧዎች ፖርቶመጋላ ላይ ይታሰሩ፡፡ ከጎማ ላስቲክ የሚቆረጠው ማሰሪያ ስለሚለጠጥ ለቀላል ነገር እንጂ ለመሣሪያ ሳጥን አይታመንም፤ ለዚያ የማይለጠጥ የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ከመኪናዋ አካል ብረት ጋር መያያዝ አለበት፡፡

ጋዝ ሲሊንደርና ቤንዚን ከዚህ ሁሉ ጉዳይ ይለያሉ፡፡ የሲሊንደር ጋዝም ሆነ የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳሉ፤ ሲያፈተልኩ ወደ ላይ አይወጡም፣ ወለሉ ላይ ይተኛሉ፡፡ በዝግ መኪና ውስጥ አንዲት የእሳት ብልጭታ ትበቃቸዋለች፡፡ ሲሊንደሩ ቆሞ ይታሰር፣ ቫልቩ ይዘጋ፣ አየር ይግባ፤ ሥራው ሲያልቅም ከመኪናዋ ይውረድ፡፡ የጄነሬተር ቤንዚን በዘይት ጀሪካን ማመላለስ ይቅር፡፡

መደርደሪያ መሥራት ለሚፈልግ ጣውላውን ወደ ኋላ ትንሽ ማዘንበልና ከፊቱ አምስት ሳንቲ ሜትር ከንፈር ማበጀት ሳጥኑ በኩርባ ላይ እንዳይወርድ ይረዳል፡፡ ወለሉን በትራፓኖ ከመብሳት በፊት ግን መኪናዋ ሥር መግባት ግድ ነው፤ የነዳጅ ታንከሩና የፍሬኑ ቱቦ የሚያልፉት በዚያው ነው፡፡ ወዳጄ ምልክት ካደረገባቸው ስድስት ቦታዎች ሁለቱን የለወጠው ሥሯ ገብቶ ካየ በኋላ ነው፡፡