ጋሼን ይዘው ኦርኬስትራ ይሂዱ

ድሬዳዋ ሙዚቃ አይቸግራትም። ከከዚራ እስከ መጋላ፣ ሠርግ ሲኖር ድንኳኑ ሳይታይ ድምፅ ማጉያው ይሰማል። በእርስዎም ቤት ታዲያ ሠርግ መሄድ የተዉ አንድ ታላቅ ሰው አይጠፉም። «ጩኸቱ አይመቸኝም» ይላሉ፤ ቤተሰቡም «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኚህን ሰው ድምፅ ማጉያ ወደሌለበት ሙዚቃ፣ ወደ ክላሲካል ኦርኬስትራ ይውሰዷቸው።

ለዚህ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ሊኖርብዎት ነው። ቢሆንም ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶች፣ «አርባ ልጆች» የሚባሉት፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነፋስ መሣሪያ ይጫወቱ ነበር። በዚያን ዘመን ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚገባው ባቡር በእኛው ከተማ ያልፍ ነበር። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1955 በተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ሙዚቃ መርቷል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ፖስተር ቶሎ አላምንም። በአገራችን ለባንድም «ኦርኬስትራ» ይባላል። ስለዚህ ትኬት ሳይቆርጡ «በማይክራፎን ነው ወይስ ያለ ማይክራፎን?» ብለው ይጠይቁ። ከፊት ሳይሆን መሐል አካባቢ ይቀመጡ፤ ቀደም ብለውም ይግቡ። ከመጀመሩ በፊት ኦቦ የሚባለው መሣሪያ በሰከንድ 440 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ አንድ ድምፅ ይሰጣል፤ ሌሎቹም በእሱ ይቃኛሉ። ክራር ሲቃኝ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። መቼ እንደሚጨበጨብ ካላወቁ ደግሞ መሪው ወደ እርስዎ እስኪዞር ይጠብቁ፤ ማንም አይታዘብዎትም።

እኔ የሄድኩት ዕድሜያቸውን በማሽን መሐል ካሳለፉት መካኒክ አጎቴ ጋር ነው። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የሞተር ድምፅ እንደሚለዩ ሆነው አዳመጡ። ቼሎውና ትልቁ ቤዝ በጣም ደስ አሏቸው። በእረፍቱ ሰዓት፣ በአንድ ወቅት ያረጀ ኩሽኔታ በድምፁ ብቻ እንዴት እንደሚለዩ አጫወቱኝ። ይህን ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

«ቫዮሊኖቹስ?» አልኳቸው።

«እጃቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ ልጄ» አሉኝ።

ለዓመታት በጩኸት ውስጥ የቆየ ጆሮ አስቀድሞ የሚያጣው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። የልጆችና የሴቶች ንግግርም ቶሎ ይደበዝዝበታል፤ በአንጻሩ ኃይለኛ ድምፅ ይበልጥ ሊረብሸው ይችላል። እኛ ቤት «ጋሼ ዝም አሉ፣ ተኮሳተሩ» ሲባል ነው የከረመው። የልጅ ልጆቻቸው ሲያወሯቸው ግን የሚሰሙት ግማሹን ብቻ ነበር።

ድሬ እንደተመለስን የጆሮ ምርመራ ቀጠሮ አስያዝን። እስከዚያው ቤት ውስጥ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠን፣ ሳንጮህ፣ ቀስ ብለን እናወራቸዋለን።