ክሎትሪማዞል ከመስጠቴ በፊት

ከሚሴ ውስጥ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ሴት የሴቶችን ችግር ከብዙ ሰው ቀድማ ትሰማለች። ከደዋ ጨፋ ወይም ከአርጡማ ፉርሲ ለገበያ የወጣች እናት ዕቃዋን ሸምታ ስታበቃ ወደ እኛ ጎራ ትላለች። ወንድ ገዢ ካለ ጥግ ይዛ ትጠብቃለች፤ ሰዉ ሲቀንስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአፋን ኦሮሞ ሕመሟን ትነግረኛለች። አንዳንዷ ደግሞ ከነጭራሹ አትመጣም፤ የፈንገስ ክኒን ባዶ ማሸጊያ በልጅ እጅ ልካ «ይሄንኑ ስጧት» ታስብላለች።

ማሸጊያውን አይቶ ሌላ መስጠት ቀላል ነበር። እኔ ግን ልጁን «እማማ ራሷ ትምጣ በላት» ብዬ እመልሰዋለሁ። የፈንገስ መድኃኒት ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ጉዳቱ የሚመጣው ሳይጠየቅ ሲሰጥ ነው። ልጅ ደግሞ እናቱ እርጉዝ ትሁን አትሁን፣ ሌላ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ ሊነግረኝ አይችልም።

መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ፈሳሹ ነው። ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ በብዙ ጤነኛ ሴቶች ሰውነት ላይ ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል። ሲበዛ ነው ማሳከክን፣ መቅላትንና ሽንት ሲሸኑ ማቃጠልን የሚያመጣው። ፈሳሹ እንደ አይብ ነጭና የተቋጠረ ይሆናል፤ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ከአራት ሴቶች ሦስቱ በዕድሜያቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደሚያጋጥማቸው ይገመታል። ፈሳሹ መጥፎ ሽታ ካለው ግን አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ባክቴሪያ ነው፤ ወደ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ካደላ ትሪኮሞናስ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ሊሆን ይችላል። እነዚህን የፈንገስ መድኃኒት አያድናቸውም። ምርመራ ይፈልጋሉ።

ብዙ እናቶች ከሕመሙ ይልቅ የሚፈሩት የባልን ጥርጣሬ ነው። «ከየት አመጣሽው ቢለኝስ?» የምትል ሴት ስትገጥመኝ ሥራዬን ሁሉ አቁሜ አስረዳታለሁ። የካንዲዳ ሕመም ከአባላዘር በሽታዎች አይቆጠርም፤ ከወንድ ጋር ግንኙነት የሌላትንም ሴት ይይዛል። ባልየው ማሳከክ ወይም መቅላት ከሌለው መድኃኒት መውሰድ አያስፈልገውም። ትሪኮሞናስ ሲሆን ነው ሁለቱም አብረው መታከም ያለባቸው። ይህን ባልየው ራሱ ቢሰማው ደስ ይለኛል፤ ሚስቱን ይዞ የመጣ አባወራ ካለ ለሁለቱም እነግራቸዋለሁ።

ከዚያ እርግዝናን እጠይቃለሁ፤ «የወር አበባሽን መቼ አየሽ?» ብዬ። በአፍ የሚዋጠው ፍሉኮናዞል 150 ሚሊ ግራም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚወሰድ ሁሉም ይወደዋል። ለእርጉዝ ሴት ግን አልሰጠውም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሰፊ የዴንማርክ ጥናት በእርግዝና ወቅት ፍሉኮናዞል የዋጡ ሴቶች ላይ ውርጃ በዝቶ እንደታየ አመልክቷል። ለእርጉዝ የሚመከረው በብልት የሚቀመጥ ክሎትሪማዞል ነው፤ ለሰባት ሌሊት። ስታስገባውም በማስገቢያው ሳይሆን በታጠበ ጣቷ ቢሆን ይሻላል።

ሌሎች መድኃኒቶችንም እጠይቃለሁ። ለስኳር ግሊቤንክላማይድ የምትወስድ እናት ፍሉኮናዞል ስትጨምርበት ስኳሯ ከሚገባው በላይ ሊወርድ ይችላል፤ ዋርፋሪን የምትወስድ ደግሞ ደሟ ከልክ በላይ ሊቀጥን ይችላል። የሚዋጥ ኬቶኮናዞልን ለዚህ ሕመም ማንም አይጠይቀኝ። በጉበት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት የተነሳ እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካም የአውሮፓም የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ከፍተኛ ገደብ ጥለውበታል።

በብልት የሚቀመጠውን ክኒን በአፏ የምትውጥ ሴት ብዙ ጊዜ ታጋጥመናለች። አይፈረድባትም፤ ክኒን ክኒን ነው፣ ወረቀቱም የተጻፈው በማታነበው ቋንቋ ነው። ስለዚህ ማሸጊያውን ከፍቼ አሳያታለሁ። እጇን ትታጠባለች፤ ክኒኑን ንጹሕ ውሃ ነካ ታደርገዋለች፤ በጀርባዋ ተኝታ ጉልበቷን አጥፋ የቻለችውን ያህል ወደ ውስጥ ትገፋዋለች፤ ከዚያ ሳትነሳ ታድራለች። እርጉዝ ላልሆነች ሴት ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ክሎትሪማዞል ለአንድ ሌሊት፣ ባለ 200ው ለሦስት፣ ባለ 100ው ለስድስት ሌሊት ነው። ማሳከኩ ቶሎ ቢቀልም የቀረውን ለጎረቤት መስጠት የለም። ኮንዶም የሚጠቀሙም ይጠንቀቁ፤ ክሎትሪማዞል ላስቲኩን ሊያሳሳው ይችላል።

በረመዳን «ጾሜን ያበላሽብኛል» ብላ የምታቋርጥ አለች። መድኃኒቱ ሲጀመርም የሌሊት ነው፤ ከኢፍጣር በኋላ፣ ልትተኛ ስትል ታስቀምጠዋለች። ለጦሃራም ከውጭ በውሃ መታጠብ ምንም አይጎዳም። የሚጎዳው ሎሚ፣ ጨው፣ ሳሙና ወይም ዴቶል ወደ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ይህ ሰውነት ራሱን የሚጠብቅባቸውን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ያጠፋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊን እየገዙ መዋጥም እንዲሁ ያደርጋል። ለጉንፋኑ ብላ የገዛችው አንቲባዮቲክ ሳምንት ሳይሞላ በማሳከክ ወደ እኔ የመለሳት ብዙ ናት።

በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ የሚመላለስባት ሴት ደጋግማ መድኃኒት መግዛቷን አልደግፍም። የስኳር ምርመራ ታድርግ፤ ኤች አይ ቪም ትመርመር። ስኳር እንዳለባት በዚህ ሰበብ የምታውቅ እናት አለች።

የሙያ ባልደረቦቼን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ መድኃኒት ቤታችሁ ውስጥ ሁለት ሰው ብቻውን የሚያወራበት ጥግ ይኑር። መጋረጃ ብትሆንም ይበቃል። ሰው እየሰማ የተጠየቀች ሴት እውነቱን አትናገርም፤ እውነቱን ካልሰማን ደግሞ የምንሰጠው በግምት ነው።

አንቺም እህቴ፣ ይህ ሕመም የመጀመሪያሽ ከሆነ፣ እርጉዝ ከሆንሽ፣ ከእምብርትሽ በታች የሚያምሽ ወይም የሚያተኩስሽ ከሆነ፣ ወይም መድኃኒቱን ጨርሰሽ በሳምንት ውስጥ ካልተሻለሽ ሌላ ክኒን አትግዢ። በቅርብሽ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተመርመሪ።