በምግብ ውስጥ ያለው ብረትና የሰው መንፈስ

አንድ የመደብር ሠራተኛ ከቀትር በኋላ ደንበኛውን በቁጣ ሲመልስና ሒሳብ ሲሳሳት ዘወትር የሚወቀሰው በስንፍና ነው። ይሁን እንጂ ምክንያቱ አንዳንድ ጊዜ በሰውነቱ ውስጥ የሚገኘው ብረት ማነሱ ሊሆን ይችላል።

ብረት በቀይ ደም አማካይነት ኦክሲጅንን ወደ መላው አካል እንደሚያደርስ የታወቀ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው በአንጎል ውስጥ ያለውን ሥራውን ነው። ስሜትንና ትጋትን የሚያስተካክሉት ዶፓሚንና ሴሮቶኒን የተባሉት ንጥረ ነገሮች ያለ ብረት እንደሚገባ አይሠሩም። ስለዚህ የብረቱ ክምችት ሲጎድል፣ የደም ማነስ ገና ሳይታይ እንኳ፣ ድካም፣ ብስጭትና የሐሳብ መበታተን ሊከተል ይችላል። የወር አበባ የሚያዩ ሴቶች ለዚህ ጉድለት ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። እርግጥ ነው፣ ኀዘንና ትካዜ ሁሉ ከብረት ማነስ የመጣ አይደለም።

ነገሩ የቡና ነጋዴዎችንም ይመለከታል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1983 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከሥጋ ምግብ ጋራ የተጠጣ አንድ ሲኒ ቡና ወደ ሰውነት የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀንሶታል። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ምንም አልጎዳም፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን ውጤቱ አብሮ እንደ ተጠጣው ያህል ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ጥፋቱ የቡናው ሳይሆን የሰዓቱ ነው። በአንጻሩ ሎሚና ቃሪያ ከምስርና ከጎመን የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳሉ።

የብረት ክኒን ደሙ ሳይመረመር የሚወሰድ ነገር አይደለም። ሕፃን ብዙ ክኒን ቢውጥ ሊሞት ስለሚችል፣ የሚሸጥ ሁሉ ይህን ለገዢው ሊነግር ይገባዋል።

የድስቱም ነገር አለ። በ1999 (እ.ኤ.አ.) ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ በኢትዮጵያ በ407 ቤተሰቦች የተካሄደ ጥናት፣ በብረት ድስት የበሰለ ምግብ የበሉ ሕፃናት ደም ከአሉሚኒየም ተጠቃሚዎቹ ይልቅ እንደ ተሻሻለ አሳይቷል። ጥናቱ የለካው ደምን እንጂ ስሜትን አልነበረም። ለዕቃ ነጋዴ ግን አንድ ችግር አለ፦ በገበያ «ብረት ድስት» እየተባለ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። ማግኔት ቢያስጠጉት አይሳብም።