አዲሱ ስልክ ቢጫ ቢጫ ሲል፦ መጀመሪያ ሴቲንጉን፣ ቀኑ ሳያልፍ ሱቁን

አዲስ ስልክ ገዝቶ ቤቱ የገባ ሰው ደስታውን ሳይጨርስ አንድ ነገር ይከነክነዋል። የስክሪኑ ነጭ ነጭ አይደለም፤ ቢጫ ቢጫ ይላል። ከአሮጌው ስልክ ጎን ሲያስቀምጡትማ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ቀን አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ጽሑፉ አይነበብም፤ ማታ ደግሞ ብርሃኑ ዓይን ይወጋል። «የተበላሸ ነው የሸጡልኝ ወይስ እኔ ነኝ ያላወቅሁበት?» የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ ይመጣል።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ብዙዎቻችን ስልክ የምንገዛው በ24 ወይም በ36 ወር ክፍያ ነው። ስልኩ የቁፓት ሆሊም ቀጠሮ የሚመጣበት፣ የሥራ ፈረቃ የሚነገርበት፣ ጎንደርና አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ፊት የሚታይበት ዕቃ ነው። በዚህ ጉዳይ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ፣ በሴቲንግ በደቂቃ የሚስተካከለውን ነገር እንደ ብልሽት ቆጥሮ መንገድ ዳር ላለ ጠጋኝ ይከፍላል። ሌላው፣ እውነተኛ ጉድለት እያለ «ይለመዳል» ብሎ ዝም ይልና ቀኑ ያልፍበታል። ስለዚህ የምንመክረው ቅደም ተከተል አጭር ነው፦ መጀመሪያ ሴቲንጉን ማየት፣ ቀጥሎ ስክሪኑን መፈተን፣ ጉድለት ከተገኘ ደግሞ ሳይዘገዩ ሱቁ መሄድ።

ስልኩ በራሱ የሚለውጠው ቀለም

የዛሬ ስልኮች ቀለማቸውን ባለቤቱን ሳይጠይቁ ይለውጣሉ። አይፎን ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጡት ከአይፎን 8 እና ከአይፎን ኤክስ ጀምሮ «ትሩ ቶን» የሚባል ነገር አለው። ስልኩ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ብርሃን ለክቶ የስክሪኑን ነጭ ከዚያ ጋር ያመሳስላል። ሳሎናችሁ ውስጥ ቢጫ አምፖል ካለ ስክሪኑም ወደ ቢጫ ያደላል፤ ውጭ ስትወጡ ይነጣል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የተሠራው እንደዚያ እንዲሆን ነው። ካልወደዳችሁት በሴቲንግ ውስጥ የስክሪንና የብርሃን ክፍል ገብታችሁ ማጥፋት ትችላላችሁ።

እዚያው «ናይት ሺፍት» የሚባል ሌላ ማብሪያ አለ። ማታ ማታ ሰማያዊውን ብርሃን ቀንሶ ስክሪኑን ወደ ብርቱካን ይወስደዋል። ሳምሰንግና ሌሎች የአንድሮይድ ስልኮችም ይህንኑ የሚያደርግ የዓይን ምቾት ወይም የሌሊት ብርሃን ማብሪያ አላቸው። በሰዓት ተቀጥሮ ከሆነ በየምሽቱ ራሱ ይበራል። ከአሮጌው ስልክ ወደ አዲሱ መረጃ ሲገለበጥ የቆየው ሴቲንግ አብሮ ሊመጣ ስለሚችል «አዲስ ነው፣ ምንም አልነካሁም» ማለት ብቻውን አይበቃም።

በሳምሰንግ ስልክ ላይ ስክሪን ሞድ የሚል ክፍል አለ። «ቪቪድ» የተባለው ቀለሙን ያደምቃል፤ «ናቹራል» የተባለው ወደ እውነተኛው ያቀርበዋል። በብዙዎቹ ሞዴሎች በቪቪድ ሥር ነጩን ከቀዝቃዛ ወደ ሞቃት የሚያንሸራትቱበት መስመር አለ። ወደ ቀዝቃዛ ሲሄድ ሰማያዊ፣ ወደ ሞቃት ሲሄድ ቢጫ ይሆናል። ብዙ ቅሬታ እዚች መስመር ላይ ያልቃል።

ስክሪኑ በድንገት ጥቁርና ነጭ ብቻ ሆኖ የደነገጣችሁም አትቸኩሉ። በአንድሮይድ የመኝታ ሰዓት ሞድ፣ በአይፎን ደግሞ በአክሰሲቢሊቲ ውስጥ ያለው የቀለም ማጣሪያ ሳይታወቅ በርቶ ሊሆን ይችላል።

ብርሃኑ ለምን ይወርዳል?

የብርሃን ቅሬታም እንዲሁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑን የሚያወጣውና የሚያወርደው ስልኩ ራሱ ነው። በአይፎን ይህ ማብሪያ ሰው በሚፈልገው ቦታ የለም፤ አክሰሲቢሊቲ ውስጥ በስክሪንና በጽሑፍ መጠን ክፍል መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ሰው ማጥፋት ይፈልጋል። ነገር ግን አንድ ነገር እወቁ፦ ብዙ ስልኮች ፀሐይ ላይ ከፍተኛውን ብርሃን የሚሰጡት ይህ ራስ ሰር ማስተካከያ ሲበራ ብቻ ነው። አጥፍታችሁት «ውጭ አይታይም» ካላችሁ መልሳችሁ አብሩትና እንደገና ሞክሩ።

ባትሪ መቆጠቢያው ሲበራም ብርሃኑ ይቀንሳል። ሌላው ሙቀት ነው። ስልክ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ብርሃኑን ያወርዳል። አፕል አይፎን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለው አየር ውስጥ እንዲሠራ ይመክራል። በነሐሴ ቤር ሼቫ ወይም ቤት ሽአን ውስጥ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ምን ያህል እንደሚግል የሚያውቅ ያውቀዋል። መኪናው መስታወት ሥር ሰክታችሁ መንገድ የሚያሳያችሁ ስልክ ከደበዘዘ ጥላ ውስጥ አስገቡትና እስኪበርድ ጠብቁ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ግን አታስገቡት፤ ውስጡ እርጥበት ሊቋጥር ይችላል።

በላዩ የሚለጠፈውንም መስታወት አትርሱ። ጎረቤት እንዳያይ ተብሎ የሚለጠፈው ጨለም ያለ መስታወት ብርሃኑን ይቀንሳል። በደንብ ያልተቆረጠ መስታወት ደግሞ ብርሃን የሚለካውን መሣሪያ ይሸፍናል፤ ስልኩም ጨለማ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። አንዳንድ የፀሐይ መነጽርም ስክሪኑን ጥቁር ያስመስለዋል፤ አውልቃችሁ እዩት።

ጠባይና ጉድለት አንድ አይደሉም

ሴቲንጉ ሁሉ ተስተካክሎም ልዩነት ሊቀር ይችላል። ዛሬ በብዙ ስልኮች ላይ ያለው ኦሌድ የሚባለው ስክሪን ነው፤ እያንዳንዷ ነጥብ የራሷን ብርሃን ታወጣለች። ይህን ስክሪን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋችሁ ስታዩት ቀለሙ ትንሽ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ አረንጓዴ ይሸሻል። ይህ የስክሪኑ ጠባይ ነው። አንድ ዓይነት ሞዴል የሆኑ ሁለት ስልኮች ጎን ለጎን ሲቀመጡም ነጫቸው ፍጹም አንድ ላይሆን ይችላል። ሻጩ «ይህ የተለመደ ነው» ቢላችሁ በዚህ ልክ እውነቱን ነው።

የሚከተሉት ግን የተለመዱ አይደሉም፦ ግማሹ ስክሪን ነጭ ሆኖ ግማሹ ቢጫ ወይም ሮዝ መሆን፤ ከላይ እስከ ታች የሚሄድ አረንጓዴ መስመር፤ ከቦታው የማይጠፋ ጥላ ወይም ነጥብ፤ ብርሃኑን ዝቅ ስታደርጉ ስክሪኑ በሙሉ አረንጓዴ መሆን፤ ያለ ምክንያት ብልጭ ድርግም ማለት። እነዚህን ካያችሁ ሴቲንግ ስትነካኩ ቀን አታጥፉ።

በቤት የሚደረግ ፈተና

አንደኛ፣ ከላይ የጠቀስናቸውን ማብሪያዎች ሁሉ አጥፉ፤ ስልኩን ዘግታችሁ ክፈቱ።

ሁለተኛ፣ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ገጽ ክፈቱ፤ የማስታወሻ ገጽ ይበቃል። ብርሃኑን መካከለኛ አድርጋችሁ ከአራቱም ማዕዘን እዩት። ነጩ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ ማታ መብራት አጥፍታችሁ ጥቁር ግራጫ ሥዕል ክፈቱ፤ ብርሃኑንም ዝቅ አድርጉ። ቀን የማይታይ ጥላና መስመር እዚህ ይወጣል።

አራተኛ፣ ከቤተሰብ ስልክ ጎን አስቀምጡት። የሁለቱም ማብሪያዎች መጥፋት አለባቸው፤ አለዚያ ፍርዱ ትክክል አይሆንም።

አምስተኛ፣ ጉድለት ከታየ በሌላ ስልክ ፎቶ አንሡት። ካሜራ ቀለም ስለሚለውጥ ሁለቱን ስልኮች በአንድ ፎቶ ውስጥ አድርጉ። በራሱ በስልኩ የሚነሳ ስክሪንሾት ግን ማስረጃ አይሆንም። ስክሪንሾት የሚይዘው ሥዕሉን እንጂ የመስታወቱን ብልሽት አይደለም።

ዓይንስ?

ይህን የምንለው ለታላላቆቻችን ነው። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን መነጽር ብጫ እየሆነ ይሄዳል፤ የዓይን ሞራም ቀለምን ያደበዝዛል። እማማ «ስልኩ ደብዝዟል» ካሉ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይየው። ለሌላው ሰው ደህና ከሆነና እማማ ቴሌቪዥኑንም ደብዛዛ ካዩት፣ መሄድ ያለባቸው ወደ ስልክ ሱቅ ሳይሆን ወደ ዓይን ሐኪም ነው። ቀጠሮ ለማስያዝ አትዘግዩ።

በስልክ ለሚሠራ ሰው

ሌሊት ጥበቃ ላይ የሚሠሩ ወንድሞችና እህቶች ብርሃኑን በጣም ሲያወርዱ ራሳቸውን እንደሚያማቸው ይናገራሉ። ብዙ የኦሌድ ስክሪኖች ብርሃን የሚቀንሱት በዓይን በማይታይ ፍጥነት እየበሩና እየጠፉ ነው፤ ይህ የማይስማማው ሰው አለ። መካከለኛ ብርሃን ላይ አድርጎ የስክሪኑን መደብ ወደ ጥቁር መለወጥ አንዳንዱን ያሳርፈዋል። ስልኩን ሳይገዙ ሱቁ ውስጥ ብርሃኑን አውርዶ ለጥቂት ደቂቃ ማንበብም ብልኅነት ነው።

የሐበሻ ቀሚስ እየሰፋችሁ ፎቶ በዋትስአፕ የምትልኩ ደግሞ ስልካችሁን በናቹራል ሞድ አድርጉ። በቪቪድ ያማረው ጥለት ደንበኛዋ እጅ ሲደርስ ሌላ ቀለም ሊመስላት፣ ጠቡም ከእናንተ ጋር ሊሆን ይችላል።

መብታችሁ

የሸማቾች ጥበቃ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ስልኩን የገዛችሁት በስልክ ጥሪ ወይም በኢንተርኔት ከሆነ፣ ዕቃው ወይም የግዢው ዝርዝር ሰነድ ከደረሳችሁበት፣ ከሁለቱ ከዘገየው ጀምሮ 14 ቀን ውስጥ ግዢውን መሰረዝ ትችላላችሁ። በዕብራይስጥ «ቢቱል ዒስካ» ይባላል። ሐሳባችሁን ቀይራችሁ ከሆነ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል፣ ከሁለቱ ያነሰው ሊቆረጥባችሁ ይችላል። የሰረዛችሁት በጉድለት ምክንያት ከሆነ ግን የስረዛ ክፍያ የለም።

ዕድሜያቸው 65 የሞላ አዛውንት፣ አካል ጉዳተኞች፣ እንዲሁም ቴዑዳት ዖሌ ከተቀበሉ 5 ዓመት ያልሞላቸው አዲስ ገቢዎች በዚህ ዓይነት ግዢ 4 ወር አላቸው፤ ይህም ከሻጩ ጋር በስልክ ወይም በጽሑፍ ንግግር ተደርጎ ከሆነ ነው። እናትና አባታችሁ ደውሎ በመጣ ሻጭ አግባቢነት ስልክ ከገዙ ይህን አስታውሱ።

ሱቅ ገብታችሁ የገዛችሁት ስልክ ላይ ነገሩ ጠበቅ ይላል። ከኤሌክትሪክ ጋር የተገናኘ ዕቃ እንደ ተጠቀሙበት ስለሚቆጠር «ቀለሙን አልወደድኩትም» ብሎ መመለስ ይከብዳል። ለዚህ ነው ከሱቁ ሳትወጡ አስከፍታችሁ ነጩን ገጽ እዩ የምንለው። ጉድለት ሲሆን ግን የአሕራዩት ጉዳይ ነው። ከ400 ሸቀል በላይ የሆነ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የአንድ ዓመት ዋስትና አለው። መውደቅ፣ ውሃ ወይም ያልተፈቀደለት ጠጋኝ ያመጣው ብልሽት በዋስትናው አይሸፈንም፤ ስለዚህ ጉድለት ያለበትን ስልክ መጀመሪያ መንገድ ዳር አታስከፍቱ።

ሱቅ ስትሄዱ ሐሽቦኒቱን፣ ተዑዳት አሕራዩቱንና ፎቶውን ያዙ። «ያሽ ፕጋም ባማሳኽ» በሉ፤ ስክሪኑ ላይ ጉድለት አለ ማለት ነው። ስልኩን ወደ ማዕባዳ ከወሰዱት፣ የሰጣችሁበት ቀንና ጉድለቱ ምን እንደሆነ የተጻፈበት ወረቀት ሳትይዙ አትውጡ። በቃል ብቻ «እናየዋለን» ቢሏችሁ ያንኑ ቀን በጽሑፍ ላኩላቸው። ቀኑ የተመዘገበ አቤቱታ ከወር በኋላ «አንተ ነህ የሰበርከው» ለሚል ሰው መልስ ይሆናል። እምቢ ካሉ ለሸማቾች ጥበቃና ለፍትሐዊ ንግድ ባለሥልጣን ማመልከት፣ ከዚያም ያለ ጠበቃ ወደሚቀረብበት ወደ ትንንሽ ክሶች ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

ያገለገለ አይፎን የምትገዙ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ። ከአይፎን 11 ወዲህ ባሉት ስክሪኑ ተቀይሮ ከሆነ ሴቲንጉ ውስጥ ስለ ስልኩ በሚናገረው ገጽ ላይ ይጻፋል። ትሩ ቶን የሚለው ማብሪያ ጨርሶ ከሌለም ስክሪኑ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ካለ ገጹን ከፍቶ ያሳያችሁ፤ ገንዘቡን ከዚያ በኋላ ቁጠሩ።