መብቱ ከልጁ ጋር ይሄዳል፤ ውሳኔው ግን አይሄድም፦ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገው ልጅ ይዞ ከጄኔቫ ወደ ዙሪክ ስለመዛወር

ዛሬ ከአገር ቤት ፖለቲካ ጥቂት ወጣ ብለን፣ በብዙ የስደት ቤቶች ዝቅ ባለ ድምፅ የሚነገር ጉዳይ እናነሳለን። በስዊዘርላንድ የሚኖር አንድ ቤተሰብ እናስብ። ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገው ልጅ አለው። ኦቲዝም ሊሆን ይችላል፣ የንግግር መዘግየት ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡ ጄኔቫ ነው የሚኖረው፤ አባት ወይም እናት ዙሪክ ሥራ ያገኛሉ። በባቡር ሦስት ሰዓት አይሞላም። ገንዘቡ ያው ፍራንክ ነው፤ በመካከል ፓስፖርት የሚጠይቅ ኬላ የለም። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?

ችግሩ ኬላው አለመታየቱ ነው። ለጤነኛ አዋቂ ሠራተኛ ስዊዘርላንድ አንድ አገር ናት። ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ተማሪ ግን ሃያ ስድስት የትምህርት አገሮች ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጄኔቫ ለልጃችሁ የተወሰነው ድጋፍ፣ ረዳት መምህርም ይሁን የንግግር ሕክምና ወይም ልዩ ክፍል፣ የጄኔቫ ካንቶን ውሳኔ ነው። የካንቶኑን ወሰን ስታልፉ ያ ውሳኔ ሥራውን ያቆማል። ልጁ መብቱን አያጣም። መብቱን በሥራ የሚያውለው ውሳኔ ግን እንደ አዲስ መወሰን አለበት። የዛሬው ትንተናችን ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ መብቱ ከልጁ ጋር ይሄዳል፤ ውሳኔው ግን አይሄድም።

ይህ ለምን ሆነ? መልሱ የመንግሥቱ አወቃቀር ውስጥ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን። ስዊዘርላንድ ከ1848 ጀምሮ የፌዴራል መንግሥት ስትሆን 26 ካንቶኖች አሏት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 መሠረት ትምህርት የካንቶኖች ሥልጣን ነው። ይኸው አንቀጽ ካንቶኖች አካል ጉዳት ላለባቸው ልጆችና ወጣቶች ሁሉ እስከ 20ኛ ዓመት ልደታቸው ድረስ በቂ የልዩ ፍላጎት ትምህርት እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። እስከ 2007 መጨረሻ ድረስ የልዩ ትምህርትን ወጪ በከፊል የሚሸፍነውና መስፈርቱንም የሚያወጣው የፌዴራሉ የአካል ጉዳት መድን ነበር። ሕዝቡ በኅዳር 2004 ድምፅ ሰጥቶ ያጸደቀው የፌዴራልና የካንቶኖች የሥራ ክፍፍል ማሻሻያ በጥር 2008 ሥራ ላይ ሲውል፣ ኃላፊነቱም ወጪውም ሙሉ በሙሉ ወደ ካንቶኖች ተሻገረ።

ካንቶኖቹ ይህ መበታተን እንደሚያመጣ ስለተረዱ በጥቅምት 2007 የልዩ ፍላጎት ትምህርት የትብብር ስምምነት አዘጋጁ፤ ስምምነቱ በ2011 ጸና። ጄኔቫም ዙሪክም አባል ናቸው። ስምምነቱ የጋራ የቃላት ትርጉም፣ የጋራ የጥራት መለኪያና ወጥ የሆነ የምርመራ ሂደት አስገኝቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የጄኔቫ ባለሙያ የጻፈውን ሪፖርት የዙሪክ ባለሙያ ሊረዳው ይችላል ማለት ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሪፖርቱን መረዳትና በሪፖርቱ መገዛት የተለያዩ ናቸው። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የምትሄዱበት ቦታ ነው።

አሁን ሁለቱን ቦታዎች እናነጻጽር። ጄኔቫ ትንሽና የተማከለ ካንቶን ነው። ትምህርት ቤቱን የሚመራው የካንቶኑ የትምህርት መምሪያ ነው። ስለ ልዩ ድጋፍ የሚወስነው በመምሪያው ሥር ያለው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ ምርመራና ሕክምና በመስጠት፣ ልዩ ትምህርት ቤቶችንም በማስተዳደር ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀው ደግሞ ኦፊስ ሜዲኮ-ፔዳጎዢክ የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። ቤታችሁ ካሩዥም ይሁን ቬርኒዬ፣ በሩ አንድ ነው።

ዙሪክ የተለየ ነው። በካንቶኑ ውስጥ 160 ገደማ ማዘጋጃ ቤቶች አሉ፤ ሕዝባዊ ትምህርት ቤቱን በየአካባቢው የሚያስተዳድሩትም እነርሱ ናቸው። ካንቶኑ ሕጉን ያወጣል፣ ይቆጣጠራል። ስለ እናንተ ልጅ የሚወስነው ግን ሹልፍሌገ የሚባለው የአካባቢው የትምህርት ቤት ቦርድ ነው። መንገዱም እንዲህ ነው። መጀመሪያ ወላጅ፣ መምህርና የሚመለከታቸው ባለሙያዎች ተቀምጠው የልጁን ሁኔታ የሚነጋገሩበት ስብሰባ አለ፤ ሹሊሸስ ሽታንዶርትገሽፕሬኽ ይሉታል። ከፍ ያለ ድጋፍ፣ ማለትም ዞንደርሹሉንግ የሚባለው ልዩ ትምህርት የሚያስፈልግ ከሆነ የትምህርት ቤት ሥነ ልቦና አገልግሎት ይመረምራል፤ ከዚያ ቦርዱ ይወስናል። ልጁ በመደበኛ ክፍል ውስጥ ሆኖ ድጋፉን ሊያገኝ ይችላል፤ ወይም ሃይልፔዳጎጊሸ ሹለ ወደሚባል ልዩ ትምህርት ቤት ሊመደብ ይችላል።

ከዚህ የምንረዳው ነገር ቀላል ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ግን የሚደርስበት ዘግይቶ ነው። ዙሪክ ውስጥ ቤት መምረጥ የልጁን ትምህርት ቤት አስተዳደር መምረጥ ነው። በአንድ የባቡር ፌርማታ ልዩነት ሌላ ማዘጋጃ ቤት፣ ሌላ ቦርድ፣ ሌላ የባለሙያ ብዛት ሊገጥማችሁ ይችላል። በዙሪክ ከተማ ውስጥ እንኳ ትምህርት ቤቶቹ በሰባት የክበብ ባለሥልጣናት የተከፋፈሉ ናቸው። ስለዚህ የኪራይ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ለዚያ አካባቢ የትምህርት ቤት አስተዳደር ደውሉ። ርካሽ ቤት አግኝቶ ልጁ ድጋፍ ሳያገኝ ወራት የሚያልፍበት ቤተሰብ፣ ያተረፈውን ኪራይ በሌላ በኩል ይከፍለዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቋንቋ ነው። በቤቱ አማርኛ፣ በትምህርት ቤቱ ፈረንሳይኛ የለመደ ልጅ አሁን ጀርመንኛ ይጠብቀዋል። ጀርመንኛውም ሁለት ዓይነት ነው። በክፍል የሚጻፈው መደበኛው ጀርመንኛ ነው፤ በመጫወቻ ሜዳው የሚነገረው የስዊስ ጀርመንኛ ነው። የዙሪክ ሕዝብ በግንቦት 2011 በሰጠው ድምፅ ደግሞ የመዋዕለ ሕፃናቱ ቋንቋ በመሠረቱ የአካባቢው ዘዬ እንዲሆን ተወስኗል። የክፍል አቆጣጠሩም ያሳስታል፤ ጄኔቫ መዋዕለ ሕፃናቱን ጨምሮ ስለሚቆጥር፣ በጄኔቫ አምስተኛ ክፍል የሆነ ልጅ በዙሪክ ሦስተኛ ክፍል ይባላል። ልጃችሁ ሁለት ክፍል ወደ ኋላ ተመለሰ ብላችሁ አትደንግጡ።

በቋንቋ ምክንያት ሁለት ስሕተቶች ይፈጠራሉ። አንደኛው፣ ጀርመንኛ የማይችለውን ልጅ አእምሮው እንደማይችል አድርጎ መመዘን ነው። ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ «ቋንቋውን ሲለምድ ይስተካከላል» እየተባለ እውነተኛው ችግር ሳይመረመር ዓመት ያልፋል። ለሁለቱም መድኃኒቱ የቀድሞው ሪፖርት ነው። በጄኔቫ የተጻፈው ምርመራ ልጁ ጀርመንኛ ከመስማቱ በፊት ድጋፍ ያስፈልገው እንደነበር ይመሰክራል። በስብሰባው ላይም አስተርጓሚ ጠይቁ። በዙሪክ ሜዲዮስ የሚባለው የአኦዜት አገልግሎት፣ በጄኔቫ ደግሞ የጄኔቫ ቀይ መስቀል የሠለጠኑ አስተርጓሚዎች አሏቸው። የአሥር ዓመት ወንድም ወይም እህት ስለ ታናሹ ምርመራ እንዲያስተረጉም ማድረግ ለሁለቱም ልጆች ሸክም ነው። አንድ ነገር እንጨምር። «አማርኛውን ተዉት፣ ልጁን ያደናግረዋል» የሚል ምክር ከሰማችሁ አትቀበሉት። ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝምን አያመጣም፤ የንግግር መዘግየትንም አይፈጥርም። እናት ልጇን ማባበልም መገሠጽም የምትችለው አፏን በፈታችበት ቋንቋ ነው።

ሦስተኛው የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ይህን ሳያጣሩ ዕቃ መጫን አደጋ አለው። የኢትዮጵያ ዜጋ ሆኖ የቢ ፈቃድ ያለው ሰው ካንቶን ከመቀየሩ በፊት ከአዲሱ ካንቶን ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ሥራ አጥ ካልሆነና ፈቃዱን የሚያሰርዝ ምክንያት ከሌለበት በሕግ መብት አለው፤ ጥያቄው ግን አስቀድሞ ነው የሚቀርበው። የሲ ፈቃድ ያለው መብቱ የሰፋ ነው፤ እርሱም ቢሆን ያመለክታል። ጊዜያዊ ተቀባይነት የተሰጠውና የኤፍ ፈቃድ የያዘ ሰው ግን ለፌዴራሉ የስደተኞች ጽሕፈት ቤት ማመልከት አለበት፤ ቤተሰቡ የማኅበራዊ እርዳታ ተቀባይ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ስለዚህ «ለልጄ የሚሻል ትምህርት ቤት አለ» ማለት ብቻውን ሊበቃ አይችልም። ያላችሁ ፈቃድ ኤፍ ከሆነ ከማመልከታችሁ በፊት የሕግ ምክር ያዙ፤ የሐኪምና የትምህርት ቤት ማስረጃም አያይዙ።

አራተኛው የሚያጽናና ነው፤ ሁሉም ነገር ከወሰኑ ላይ አይቀርም። የአካል ጉዳት መድን፣ በፈረንሳይኛው አ-ኢ፣ በጀርመንኛው ኢ-ፋው የሚባለው፣ የፌዴራል ነው። ልጁ ሲወለድ አብሮት ለመጣ በመድኑ ለታወቀ ሕመም እስከ 20 ዓመት የሚሸፈን ሕክምና፣ የመርጃ መሣሪያ፣ ከእኩዮቹ ይበልጥ እንክብካቤ ለሚያስፈልገው ልጅ የሚሰጥ አበልም በዚህ ሥር ናቸው። በቀን ቢያንስ አራት ሰዓት ተጨማሪ እንክብካቤ ለሚጠይቅ ልጅ ደግሞ ጭማሪ ክፍያ አለ። ካንቶን በመቀየራችሁ እነዚህ አይሰረዙም፤ አድራሻችሁን ስታሳውቁ ፋይሉ ወደ አዲሱ የመድን ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። ብዙ ወገኖቻችን ይህ አበል መኖሩን ስለማያውቁ ሳይጠይቁ ዓመታት ያልፋሉ።

ልጁ አሥራ አምስት ወይም አሥራ ስድስት ዓመት ከሞላው ደግሞ አንድ ልዩነት አስቡ። በጄኔቫ ከ2018 ጀምሮ እስከ 18 ዓመት ድረስ ትምህርት ወይም ሥልጠና ግዴታ ነው፤ በዙሪክ ግዴታው ከ11ዱ የትምህርት ዓመታት ጋር ያበቃል። ስለዚህ ለወጣቱ የሚቀጥለውን ማመቻቸት ወላጅ ይበልጥ የሚከታተለው ይሆናል። በሕገ መንግሥቱ የተጠቀሰውን የ20 ዓመት ወሰን አስታውሱ፤ ለሙያ ሥልጠናም የአካል ጉዳት መድኑን ጠይቁ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ሥራው እንደተገኘ፣ ከተቻለም ከወራት በፊት፣ የልጁን ሙሉ ፋይል ከጄኔቫ ትምህርት ቤትና ከባለሙያዎቹ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ፋይሉ በራሱ ተከትሏችሁ ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ። ዋና ዋናውን ሪፖርት ወደ ጀርመንኛ አስተርጉሙ። ከዚያ ለአዲሱ ሰፈር ትምህርት ቤት አስተዳደር ሦስት ጥያቄ አቅርቡ፦ ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ምን ድጋፍ አላችሁ? አዲስ ምርመራ እስኪያልቅ ድረስ በጊዜያዊነት ምን ታደርጋላችሁ? መልሱንስ በጽሑፍ ትሰጡናላችሁ? የትምህርት ዘመኑ በሁለቱም ካንቶኖች በኦገስት ስለሚጀምር፣ ዝውውሩ ከክረምቱ ዕረፍት ጋር ቢገጥም ይሻላል። ከተዛወራችሁ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ለማዘጋጃ ቤቱ ተመዝገቡ። ውሳኔው ካላረካችሁ አትጩኹ፣ ዝምም አትበሉ፤ የደብዳቤውን የመጨረሻ አንቀጽ አንብቡ። በዙሪክ የቦርዱን ውሳኔ በ30 ቀን ውስጥ ለወረዳው ምክር ቤት በይግባኝ ማቅረብ ይቻላል። ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን እውነታችሁ አይሰማም። ፕሮ ኢንፊርሚስና ፕሮካፕ የሚባሉት ማኅበራት በመላ አገሪቱ ምክር ይሰጣሉ።

በመጨረሻ ስለ እኛው እንነጋገር። አገር ቤት ልዩ ፍላጎት ያለውን ልጅ እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ ማስቀረት የቆየ ልማድ ነው፤ ስደትም ላይ ተከትሎን መጥቷል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስን እናስታውስ። ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጡ። ልጁን አልደበቁም። በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሠረቱ፤ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። እስከ 2021 ዕረፍታቸው ድረስም ስለ ልጃቸው በአደባባይ ተናገሩ። እርሳቸው ሕግ ባልነበረበት ቦታ በር ከፈቱ። እናንተ ባላችሁበት አገር ሕጉ ተጽፏል፣ በጀቱም አለ፤ የጎደለው አንዳንዴ የእኛ መናገር ብቻ ነው።

በመዛወሪያው ቅጽ ላይ «ልጁ ልዩ ድጋፍ ያስፈልገዋል ወይ?» የሚል ጥያቄ ስታገኙ፣ ልጄን ወደ ኋላ ያስቀሩብኛል ብላችሁ «የለም» አትበሉ። ባዶ የተተወው መስመር ልጁን ከስድብ አያድነውም፤ ከመምህሩ ይለየዋል እንጂ። እውነቱን ጻፉ፣ ማስረጃውን አያይዙ፣ ቀኑን ቁጠሩ።