የወጣው ሠራተኛ ዛሬም ይገባል?

ኤመቅ ሳራ የቤርሳቤህ የጋራዥ፣ የሱቅና የመጋዘን ሰፈር ነው። ከቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ባለው የጋቭያም ቴክኖሎጂ ፓርክ ያሉ ኩባንያዎች ኔትወርካቸውን የሚያስተዳድር የራሳቸው ባለሙያ አላቸው። እዚህ ግን የኮምፒውተር ሰው የሚፈለገው ሥራ ሲቆም ነው።

አብዛኛው ሱቅ በወርክግሩፕ ይሠራል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የተጠቃሚዎቹን ስምና የይለፍ ቃል ለብቻው ይይዛል፤ አንዱ የሌላውን አያውቅም። በዶሜን ግን መዝገቡ ያለው አንድ ሰርቨር ላይ ነው፤ ሠራተኛው የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ቢቀመጥ በዚያው ስሙ ይገባል። ማይክሮሶፍት ይህን መዝገብ የሚይዘውን አክቲቭ ዳይሬክተሪን ያመጣው በ2000 ከዊንዶውስ 2000 ጋር ነው፤ ነገሩ አዲስ አይደለም።

አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ «በሰባት ኮምፒውተር ሰርቨር ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ከእርስዎ ዘንድ የወጣው ሻጭ የይለፍ ቃሉ ዛሬም ይሠራል?» አልኳቸው።

ወደ ካሸሯ ዞሩ። «እኛ ሁላችንም የምንገባው በአንድ ነው» አለች።

እንዲህ ከሆነ የዋጋ ዝርዝሩን ማን እንደነካው ማወቅ አይቻልም። የይለፍ ቃሉን ለመቀየርም ሰባቱንም መዞር ነው። በዶሜን የአንድን ሰው አካውንት መዝጋት የደቂቃ ሥራ ነው። ስለዚህ እኔ ከኮምፒውተሩ ቁጥር ይልቅ ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ ይቀያየር እንደሆነ እጠይቃለሁ። ባልና ሚስት ለሚሠሩበት የሂሳብ ቢሮ ወርክግሩፕ ይበቃል፤ ሰርቨር ግዙ የሚላቸው ካለ ሊሸጥላቸው ነው።

ዶሜን የራሱ ጣጣም አለው። ሰርቨሩ አንድ ብቻ ሆኖ ከተበላሸ ሁሉም ይቸገራል። ሰዓትም አለ፦ የኮምፒውተሩ ሰዓት ከሰርቨሩ ከ5 ደቂቃ በላይ ከተለያየ ዶሜኑ ላያስገባ ይችላል። እስራኤል በ2013 የበጋውን ሰዓት እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ስታራዝም፣ ያልታደሱ ዊንዶውሶች በድሮው ቀን ወደ ኋላ ተመለሱ። ሰዓቱን በእጁ ወደፊት የገፋ ሰው ከግድግዳው ሰዓት ጋር ተስማማ፤ ዊንዶውስ ውስጥ ውስጡን የሚቆጥረው የዓለም ሰዓት ግን በአንድ ሰዓት ተዛነፈ። ማስተካከል የነበረበት የሰዓት ክልሉን ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው ጥፋቱን ኬብል ላይ ሲፈልግ ይውላል።

ወደ ዶሜን ልትሻገሩ ያሰባችሁ ነጋዴዎች፣ ከሰርቨሩ ዋጋ በፊት የኮምፒውተሮቻችሁን ዊንዶውስ እዩ። ሆም የሚለው ዓይነት ዶሜን ውስጥ አይገባም፤ ወደ ፕሮ ማሳደጊያውን ሂሳቡ ውስጥ አስገቡት። የወጡትን ሠራተኞች የይለፍ ቃል ግን ሰርቨር ሳትጠብቁ በዚህ ሳምንት ቀይሩ።